አሥራ ሁለት ከነምርቃቱ

ምርቃት የማይሰጥ ነጋዴ በእኛ አገር ዕድሜ የለውም። ድንች ሻጩ ከሰፈረው በላይ ሁለት ፍሬ ጣል ያደርጋል፤ በርበሬ ሻጯ ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላ በጣቷ ቆንጠር አድርጋ ትጨምራለች። ከሰል የሚያስረክብ ገበሬም ለደቀቀውና ለዱቄቱ ማካካሻ፣ ጭነቱ ከአሥር ዘለል ካለ፣ አንድ ማዳበሪያ ይመርቃል። ይህን ማንም አይጽፈውም፤ ማንም አይከራከርበትም። «አሥራ ሁለት ከነምርቃቱ» ከተባለ አሥራ ሦስት ማለት ነው። በአዊ ምድር ይህን የማያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። ያላወቀው ኮምፒውተር ነው። እሱም ቢሆን «አላውቅም» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር።

እንጅባራ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ የከሰል መጋዘን አለኝ። ከአዲስ ቅዳም ገጠር ከሰል እሰበስባለሁ፣ አከማቻለሁ፣ አይሱዙ ሲመጣ እጭናለሁ። ትዕዛዝ የማስተላልፈው በስልክ ነበር፤ ስልክ ስል ጩኸት ማለቴ ነው። ኔትወርኩ ግማሹን ቃል ይበላዋል፣ እኔ ደግሞ የተበላውን ለማካካስ እጮኻለሁ። ጎረቤቶቼ ከማን ጋር ስንት ማዳበሪያ እንደተዋዋልኩ ከእኔ እኩል ያውቁ ነበር።

የእህቴ ልጅ ከዳንግላ መጥታ እኛ ቤት የገባችው ያን ጊዜ ነው። የከተማችን ዩኒቨርሲቲ አዲስ ነበር፤ እሷም ኮምፒውተር ልትማር የተመደበች። ጥቂት ሰነበተችና ጩኸቴ ሳይሰለቻት አልቀረም፣ «ጋሼ፣ ለምን በጽሑፍ አትልክላቸውም? ኔትወርክ ሲመጣ ራሱ ይደርሳል» አለችኝ። አሮጌ ላፕቶፕ ገዛሁላት፤ እሷም ፕሮግራም ሠራችልኝ። የአቅራቢውን ስም እመርጣለሁ፣ ብዛቱን እሞላለሁ፣ እጫናለሁ፤ መልእክቱ ሰውዬው ስልክ ላይ ይገባል። ለአንድ ሰሞን ጉሮሮዬ ዐረፈ።

ነጋዴ ግን የሠራለትን ነገር ሳይነካካ አይቀመጥም። መጀመሪያ የብዛት ሳጥኑ አንድ ብቻ ነበር። አሥራ ሦስት ብዬ በላክሁ ቁጥር አንዳንዱ አቅራቢ «ምርቃቱ ገብቶበት ነው ወይስ በላዩ ነው?» እያለ ይደውላል። ስለዚህ ዋናው ለብቻ፣ ምርቃቱ ለብቻ፣ የተበላሸ ካለም የሚቀነስበት ለብቻ ይሁንልኝ አልኳት። ፈተና ላይ ነበረች። እኔ ደግሞ ቶሎ፣ ቶሎ እላለሁ። አንድ ከሰዓት ተቀምጣ ጨመረችልኝና አብረን ሞከርነው። ዋናው ላይ 12፣ የተበላሸው ላይ 1 አደረግን፤ 11 አለ። እንዲህ ነው እንጂ አልኩ። መደመሩን አልሞከርነውም። መቀነስ የቻለ መደመር ያቅተዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል? እኔ ራሴ ቀድሜ የተማርኩት መደመር ነው።

በአዲሱ ሳጥን የመጀመሪያው ትዕዛዝ የሄደው ከአዲስ ቅዳም በላይ ለሚኖሩ አንዲት ባለቤታቸው የሞተባቸው እናት ነው። ለዓመታት አውቃቸዋለሁ። የሣር ክዳን ቤት አላቸው፤ ከቤታቸው ጀርባ ባለችው ቁልቁለት ደግሞ ዲከረንስ ተክለዋል። ለማያውቀው፣ ዲከረንስ አገራችንን በጥቂት ዓመታት ያለበሰው የከሰል ዛፍ ነው። የላይኛው ግማሽ ለመቆረጥ የደረሰ ነበር፤ የታችኛው ገና ሁለት ክረምት ያየ፣ ክንድ የማያክል ቀጭን። ሐሳባቸው ግልጽ ነው፤ እስከዚያው ከዳር ዳር ትንሽ ትንሽ እየቀነሱ ይኖራሉ፣ የታችኛው ሲደርስ ሁሉንም በአንድ ላይ ቆርጠው ሣሩን አንሥተው ቤታቸውን ቆርቆሮ ያለብሳሉ። ባዩኝ ቁጥር የቆርቆሮ ዋጋ ይጠይቁኝ ነበር፤ ቆርቆሮ ነግጄ ባላውቅም። «እንጨት ቆሞ ያድጋል፣ ገንዘብ ተቀምጦ ያልቃል» ይላሉ። ለዚህ ነው ቀድመው ያልቆረጡት።

ሰኞ ዕለት አሥራ ሁለት ከነምርቃቱ አዘዝኳቸው፤ ማለትም ከላይኛው አንዲት ጥግ። ላክሁና ረሳሁት።

ሐሙስ ጠዋት፣ ከእሳቸው መንደር ድንች በጋሪ ጭኖ የመጣ ገበሬ በመጋዘኔ በኩል ሲያልፍ ቆም አለ። ሰላምታውን ረጋ ብሎ ከጨረሰ በኋላ፣ «እንዲያው ልጠይቅህ፣ ፋብሪካ ልትከፍት ነው?» አለኝ።

«የምን ፋብሪካ?»

«እኒያን ሴትዮ ጫካቸውን በሙሉ እያስቆረጥሃቸው ነው አሉ። መጥረቢያ ያለው ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚውል። ለእኔ የሚያርስልኝ እንኳ አጣሁ።»

ሳቅኩ። ገበሬ ሲቀልድ ፊቱን አይፈታም፣ አውቃለሁ። ይህኛው ግን ፊቱን ሳይፈታ ብዙ ቆየ። ገባ ብዬ ላፕቶፑን ከፈትኩ፣ የተላኩትን መልእክቶች አወጣሁ።

«121 ማዳበሪያ ከሰል ይዘጋጅ።»

ደግሜ አነበብኩት። መነጽሬን ጠርጌ አነበብኩት። ከዚያ የእህቴን ልጅ ጠራኋት፤ ያን ዕለት ጠዋት ትምህርት አልነበራትም። ስታነበው ፊቷ ተለወጠ።

«አልደመረውም» አለች፤ «አስጠግቶ ነው የጻፈው። አሥራ ሁለቱንና አንዱን ጎን ለጎን።»

«ሲቀንስ በትክክል ቀንሷል እኮ።»

ነገሩን ስታስረዳኝ ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። ሳጥኑ ውስጥ የምሞላው ነገር ለኮምፒውተሩ ቁጥር አይደለም፣ ቁጥር የመሰለ ጽሑፍ ነው። ጽሑፍን ከጽሑፍ መቀነስ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ቀንስ ሲባል «ለካ ቁጥር ነው» ብሎ በራሱ ይለውጠዋል። ደምር ሲባል ግን ጽሑፍም ከጽሑፍ ይቀጠላል፤ ስሜን ከአባቴ ስም ጋር እንደሚቀጥሉት። ስለዚህ ቀጠለው። ወደ ቁጥር መለወጡን እሷ መጻፍ ነበረባት፤ በጥድፊያ ዘለለችው፤ ቋንቋው ደግሞ ዝም አላት።

«ገመተ በይኛ» አልኳት። «ማን ነው እንዲገምት የፈቀደለት?»

«ቋንቋው እንዲያ ነው ጋሼ። ሰው እንዳይቸገር ብሎ ያመቻቻል።»

ደወልኩ። የደወሉላቸው ደንበኛ አይገኙም አለችኝ የስልኩ ሴት። እንደገና ደወልኩ፤ ያችው ሴት፣ በዚያው ትሕትና። ሌላ ስልክ ያለው የመንደራቸው ሰው አሰብኩ፤ እሱም አይገኝም። የሚያስፈልገኝ ኔትወርክ በሙሉ ያን ጠዋት ሌላ አገር ሄዷል።

ወደ መናኸሪያ ወጣን፤ ልጅቱ ካልሄድኩ ብላ ተከተለችኝ። ሚኒባሱ ሊሞላ ጥቂት ሰው ቀርቶት ነበር፤ የቀረው ሰው ግን አይመጣም። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል፤ አንዱ ሲገባም አሁንም «አንድ ሰው» ነው። በሌላ ቀን ቢሆን እንዲህ ያለ አቆጣጠር ያስቀኝ ነበር። የባዶውን ወንበር እኔ እከፍላለሁ፣ ንዳው አልኩት። ሹፌሩ በመስታወት ተመለከተኝ፤ ሆስፒታል የምቸኩል መስሎት መሰለኝ ዝም ብሎ ነዳ።

በመንገድ ላይ በልቤ የሴትዮዋን ዛፍ ስቆርጥ ሄድኩ። ከሰል ነጋዴ ዛፍ ሲያይ የሚያየው ማዳበሪያ ነው፤ አሁን ግን በተገላቢጦሽ ማዳበሪያውን ወደ ዛፍ መልሼ መቁጠር ሆነብኝ። ሁለት መጥረቢያ ከሆነ በሦስት ቀን የላይኛው አያልቅም። አራት ከሆነ ያልቃል። «መጥረቢያ ያለው ሁሉ» ነበር ያለው ያ ገበሬ። ዲከረንስ ደግሞ እንደ ባሕር ዛፍ አይደለም፤ ከቆረጡት ከጉቶው አያቆጠቁጥም። ከፍሬው ተነሥተህ፣ ችግኝ አፍልተህ፣ እንደገና ዓመታት መጠበቅ ነው። ከፊታችን ከሰል የጫነ መኪና በመጣ ቁጥር የእሳቸው መሰለኝ፤ በሦስት ቀን ተቆርጦ፣ ከስሎ፣ ተጭኖ እንደማይደርስ እያወቅኩ እንኳ።

«እምቢ የሚል የለም?» አልኳት ልጅቱን። «ሁሉም ቋንቋ እንዲህ ዝም ብሎ ነው የሚገምተው?»

አለ አለችኝ። ጥብቅ የሆኑ ቋንቋዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ነገር ምን እንደሆነ፣ ቁጥር ይሁን ጽሑፍ፣ አስቀድመህ ታስታውቃለህ። ጽሑፍ ይዘህ ቁጥር በሚፈለግበት ብትመጣ አያሳልፉህም፤ ሥራው እዚያው ይቆማል።

«ታዲያ ለምን በዚያ አልሠራሽውም?»

«አድካሚ ነው። በትንሽ በትልቁ ይመልስሃል። አንተ ደግሞ...» አለችና ተወችው። የተወችውን እኔ ጨረስኩት፤ ቶሎ፣ ቶሎ።

እውነቱን ለመናገር የሚገምተውን ቋንቋ ልጠላው አልቻልኩም ነበር፤ የሙያ ባልደረባዬ ነው። ድሮ ሱቅ ሳለኝ አንዱ ገብቶ «ያቺን ነገር» ይለኛል፤ እጁ ላይ ጣውላ ካየሁ ሚስማር አወጣለታለሁ። ሌላዋ «እንደባለፈው» ትለኛለች፤ ያለፈውን ረስቼ ልብሷን አይቼ እገምታለሁ። ደንበኛ የማፈራው በዚህ ነበር። እያንዳንዱን «ምን ማለትህ ነው? በትክክል ተናገር» የሚል ባለሱቅ ከዕቃው ጋር ያረጃል። ልዩነቱ፣ የእኔ ግምት ሲስት እዚያው ባንኮኒው ላይ ይታወቃል፤ «ሚስማር ማን አለህ» ይሉኛል፣ መልሼ ሣጥን ውስጥ እጥለዋለሁ። የዚህኛው ግምት ግን ማንም ፊቱን ሳያየው አገር አቋርጦ ሄዶ መጥረቢያ ሆነ።

አዲስ ቅዳም ወርደን ባጃጅ ያዝን። ጠጠሩ እስካለቀበት ወሰደን፤ ከዚያ በእግር። ቀትር ቢቃረብም ጭጋጉ ገና ከኮረብታው አልተነሣም። ዳገቱን ስንጀምር የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ፤ ደስ አለኝ። ሰው በመጥረቢያ ድምፅ ደስ ሲለው እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። የሚቆረጥ ነገር ገና አለ ማለት ነው ብዬ ነው። ፈጠን አልን። አንዱ ይመታል፣ ሌላው ይመልሳል። ከዳገቱ ግማሽ ላይ ስንደርስ ድምፁ ቀጥ አለ።

ቆምኩ። ልጅቱም ቆመች። ምንም የለም። ወፍ እንኳ የለም።

«ጨርሰው ይሆን?» አለች።

በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ።

አልጨረሱም፤ ምሳ ነበር። ሰዎቹ በወደቀው ግንድ ላይ ተደርድረው የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ይበላሉ፣ ጠላው በመሃላቸው ይዞራል። የላይኛው ግማሽ ግን አልቋል። ሰማይ አይቼበት በማላውቀው ቦታ ላይ ሰማይ ነበር። ከታችኛውም፣ ከቀጫጭኖቹም፣ የመጀመሪያዎቹ ረድፎች ተኝተዋል፤ ነጭ ጉቷቸው ገና እርጥብ ነው።

ሴትዮዋ አዩኝና በደስታ ተነሡ። «መጣህ? ልታጣድፈን ነው?» አሉ። ከዚያም ይቅርታ መጠየቅ ጀመሩ። እጅ አንሷቸው እንደዘገዩ፣ የላይኛው ብቻውን መቶ ሃያ አንዱን ስለማይሞላ የታችኛውን እንደጨመሩ፣ ቅጥነቱን አይቼ እንዳልቀየማቸው፣ ነገ ከነገ ወዲያ እንደሚያልቅ ነገሩኝ። ይህን ሁሉ ሲሉ ለእኔ ጠላ ይቀዱ ነበር።

«እናቴ» አልኳቸው፤ «መጥረቢያው ይቁም። ስሕተት ነው። እንዲህ አላዘዝኩም።»

ጣሳውን እንደያዙ ቀሩ። «ስንት ነበር የፈለግኸው?»

«አሥራ ሦስት።»

«ከነምርቃቱ?»

«ከነምርቃቱ።»

ከሰዎቹ አንዱ በአዊኛ አንድ ነገር አለ፤ ሌሎቹ ሳቁ። አዊኛዬ የገበያ ነው፤ ያን ያህል ግን ይገባኛል፤ እዚህ ለመጻፍ የሚሆን አልነበረም። ሴትዮዋ አልሳቁም። ግንዱ ላይ ተቀመጡ፣ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«መልእክቱን ጎረቤቴ ናት ያነበበችልኝ» አሉ። «ሁለት ጊዜ አስነበብኳት። መጀመሪያ ደነገጥኩ። ኋላ ግን አሰብኩና፣ እሱ ያለ ነገር አያዝም አልኩ። የከሰል ነገር ሊከለከል ነው፣ ወይም ሊረክስ ነው፣ እሱ ከተማ ሆኖ ሰምቷል፣ አዝኖልኝ ቀድሞ ነገረኝ አልኩ።»

እንግዲህ ብልጥ ነው የሚለውን ስም ያተረፍኩት በብዙ ዓመት ድካም ነው። ሞኝ ነጋዴ ያን መልእክት ቢልክላቸው ኖሮ ደውለው ይስቁበት ነበር።

የእህቴ ልጅ መሃል ገባች። ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ፣ ፕሮግራሙን የሠራችው እሷ እንደሆነች፣ ቁጥሮቹ እንዴት እንደተጣበቁ እያለቀሰች ነገረቻቸው። ከዚያ ሁሉ ሴትዮዋ የያዙት አንድ ነገር ነው።

«ማሽኑ ምን አለ? ይህን ያህል ነገር ሲጽፍ?»

«ምንም አላለም እናቴ» አለች ልጅቱ።

«አላጉረመረመም?»

«አላጉረመረመም።»

«እንግዲያ እሱም እንደ እኔ ይህን ሰው አክብሮ ነው» አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ።

ሰዎቹ እንደገና ሳቁ፤ እሳቸው ግን ተነሥተው ወደ ታችኛው ወረዱ። በተኙት ቀጫጭኖች መሃል አለፍ ብለው፣ ገና ከቆሙት የመጀመሪያውን ያዝ አድርገው ቆሙ፤ ሊወድቅ ያለ ይመስል። ተከትዬ ወረድኩ። የወደቀውን በሙሉ እኔ እወስዳለሁ፣ ቀጭኑንም ከወፍራሙ እኩል እወስዳለሁ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ያ የታወቀ ነው፣ ያን ሊከራከሩበት አልነበረም የወረዱት።

«ይኸኛው ስንት ክረምት ቀረው ትላለህ?» አሉኝ።

«ሁለት።»

«ሁለት» አሉ እሳቸውም። የሣር ክዳናቸውን ዘወር ብለው አዩት። «እሱም ሁለት ይችል ይሆን?»

የማላውቀውን መገመት ያን ቀን ፈራሁ።

የፊት ለፊቱ ሣር አልቻለም። የላይኛው ከሰል ከወጣ በኋላ ያለቻቸውን ይዘው የቤቱን የፊት ለፊት ግማሽ ቆርቆሮ አለበሱት፤ የኋላው ግማሽ በሣሩ ቀረ፣ የታችኛው ዛፍ እስኪደርስ። በተከተለው ክረምት እንጅባራ ላይ ዝናብ በጣለ ቁጥር እኔ የማስበው ቆርቆሮውና ሣሩ የሚገናኙበትን መስመር ነበር። አንድ ጊዜ በስልክ ጠየቅኳቸው። ቆርቆሮው ደህና ነው፣ ሣሩም ደህና ነው፣ ድንበራቸው ላይ ግን ያንጠባጥባል አሉኝ። አልጋቸውን ወደ ፊት ለፊት አዙረውታል።

የእህቴ ልጅ በዕረፍቷ ፕሮግራሙን አፍርሳ በጥብቁ ቋንቋ እንደገና ሠራችው። ስትሠራ ትበሳጭ ነበር፤ በር ላይ እንደሚፈትሽ ዘበኛ በየመስመሩ «ይህ ምንድን ነው?» ይላታል። ተራው ለእኔ ሲደርስ ብሶ አገኘሁት። የመጀመሪያ ቀን ዋናው ላይ «12 ማዳበሪያ» ብዬ ጻፍኩ፤ በቀይ መለሰኝ፤ ቁጥር ብቻ። የምርቃቱን ሳጥን ባዶ ተውኩት፤ መለሰኝ። ባዶ ባዶ ነው እንጂ ዜሮ አይደለም አለችኝ ልጅቱ። ምርቃት ላይ ዜሮ መጻፍ ለነጋዴ ነውር ነው፤ ሰው ቢያየኝ ምን ይላል እያልኩ ዜሮ እጽፋለሁ። ሰደብኩት፤ አልተቀየረም። ግን እምቢ የሚለው እዚሁ መጋዘኔ ውስጥ፣ እኔን ፊት ለፊት እያየኝ ነው። ለዚህ ስል ስድቤን ቀነስኩ።

ድምሩን አሁን በትክክል ይደምረዋል፤ እኔ ራሴ በጣቴ ደምሬ ነው የማረጋግጥለት። እንዲያም ሆኖ ወደዚያ ዳገት ትዕዛዝ በላክሁ ቁጥር ከስልኩ አልርቅም። እሳቸውም መልእክቱን ካስነበቡ በኋላ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥተው ይደውሉልኛል። ሰላምታ የለም፣ ቆርቆሮ የለም።

«ደርሶኛል» ይላሉ። «አሁን ደግሞ በአፍህ ንገረኝ። መጀመሪያ ዋናውን። ቀጥሎ ምርቃቱን። ድምሩን እኔ እሠራዋለሁ።»

እነግራቸዋለሁ። እሳቸው ይደምራሉ፤ ጮክ ብለው ነው የሚደምሩት። ከዚያ በኋላ ነው ምሳ የምበላው። ጥሪያቸው የዘገየ ቀን ግን እግሬን ወደ መናኸሪያው መንገድ ጀምሮ አገኘዋለሁ።